ቱዶር ወይስ ብራይትሊንግ? መጀመሪያ ማሽኑ የማን እንደሆነ ጠይቁ

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ የሁለት ሰዓት ፎቶ ላከልኝ። አንዱ ቱዶር፣ ሌላው ብራይትሊንግ። ሁለቱም ክሮኖግራፍ ናቸው፤ ሩጫ መቁጠሪያ አላቸው ማለት ነው። ወዲያው ደወለ። «አርባ ልሞላ ነው፣ ለራሴ አንድ ደህና ነገር ልግዛ ብዬ ነው። የማንኛው ማሽን ይሻላል?»

«ማሽናቸው አንድ ነው» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «አትቀልድ፣ ተፎካካሪዎች አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

ናቸው። የስዊዝ ሰዓት ቤቶች ግን በፊት ለፊት ይሻማሉ፣ በጓሮ ይገበያያሉ። ይህን ሳያውቁ እነዚህን ሰዓቶች ማወዳደር ዋጋ ከማወዳደር አያልፍም።

ልማዱ የቆየ ነው። የሀበሻ ቀሚስ እንዴት እንደሚደርስላችሁ አስቡ። አንዷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ ሰፊው ይሰፋል፣ እናንተ የምታውቁት ግን የሱቁን ስም ብቻ ነው። በስዊዝ ጁራ ተራሮችም እንደዚያው ነበር። በረዶ መንገዱን ሲዘጋው ገበሬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራል። አንዱ ጥርሳም ጎማ፣ ሌላው ብሎን፣ ሌላው ጠመዝማዛ ሽቦ። ጄኔቫ ያለው ባለ ስም ገጣጥሞ ስሙን ይጽፍበታል። ዛሬም ከዚህ ልማድ ብዙ አልወጡም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ማሽኑን ማን ሠራው? ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? ከዚያኛው ሰዓት በላይ የምከፍለው ለምኑ ነው? ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቱዶርና ብራይትሊንግ

በጓደኛዬ ጥያቄ እንጀምር። ቱዶር የሮሌክስ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱንም ያቋቋመው ሃንስ ዊልስዶርፍ ነው፤ የቱዶር ስም የተመዘገበው በ1926 ነው። ብራይትሊንግ ደግሞ ከ1884 ጀምሮ በክሮኖግራፍ የታወቀ ቤት ነው።

ቱዶር የራሱ ክሮኖግራፍ ማሽን አልነበረውም። ብራይትሊንግ በ2009 ያወጣው ቢ01 የሚባል ጥሩ ማሽን ነበረው። በተራው ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ቀን ብቻ የሚያሳይ ቀላል ማሽን ፈለገ፤ ይህ ደግሞ ቱዶር ዘንድ አለ። በ2017 ተለዋወጡ። የቱዶር ብላክ ቤይ ክሮኖ ሲወጣ ውስጡ ያለው የቢ01 ማሽን ሆነ። ሱፐርኦሽን ሄሪቴጅ የሚባለው የብራይትሊንግ የጠላቂዎች ሰዓት ደግሞ ከቱዶር የመጣ ማሽን ይዞ ወጣ።

ቱዶር የወሰደውን እንዳለ አልተጠቀመበትም። የማሽኑን ልብ፣ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ጎማና ሽቦውን፣ በራሱ ቀይሮታል። ሽቦው ሲሊከን ስለሆነ ማግኔት አይደፍረውም። ሁለቱም አንዴ ከሞሉ 70 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። ዓርብ ማታ አውልቃችሁ ሰኞ ጠዋት ስታነሡት አልቆመም ማለት ነው።

ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ልዩነቱ ፊታቸው ላይ ነው። ቱዶሩ ሁለት ትንንሽ ክቦች አሉት። የግራው ሰከንድ ነው፣ የቀኙ እስከ 45 ደቂቃ ይቆጥራል። ቀኑ ከታች 6 ላይ ነው። ብራይትሊንጉ (ናቪታይመር ይባላል) ሦስተኛ ክብ ይጨምራል፤ እስከ 12 ሰዓት ይቆጥራል። ረጅም ነገር የምትለኩ ከሆነ ይህ ክብ ይጠቅማችኋል። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኞቻችን የምንለካው ቢበዛ የሚቀቀል እንቁላል ነው።

አሁን ቁልፎቹን ንኩ። የቱዶሩ ቁልፎች እንደ ብሎን ይጠብቃሉ። መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት መፍታት፣ ስትጨርሱ መልሶ ማጥበቅ አለባችሁ። ውሃ እንዳይገባ ነው፤ ሰዓቱ 200 ሜትር ይቋቋማል። የብራይትሊንግ ናቪታይመር ቁልፎች ወዲያው ይጫናሉ፣ ደስ ይላሉ፤ የሚቋቋመው ግን 30 ሜትር ብቻ ነው። 30 ሜትር ሲባል 30 ሜትር ጠልቃችሁ ዋኙበት ማለት እንዳይመስላችሁ። እጅ ስትታጠቡ ውሃ ቢረጨው ችግር የለም ማለት ነው፣ በቃ።

ዋጋው? ብራይትሊንጉ ብዙውን ጊዜ በሺዎች ዶላር ይበልጣል። ያ ትርፍ የሚሄደው ለማሽኑ አይደለም። ለፊቱ ሥራ፣ ለቆዳው ማሰሪያ፣ ለስሙ ነው። እኔ ብሆን ቱዶሩን እወስዳለሁ። አንድ እንከን ግን አለበት፤ ውፍረቱ ከ14 ሚሊሜትር ያልፋል። ሸሚዝ በክራቫት የምትለብሱ ከሆነ እጅጌው ሥር አይገባም፣ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ስትጎትቱ ትውላላችሁ።

ዴይቶናና ኤል ፕሪሜሮ

ይህኛው ታሪክ ፊልም የሚወጣው ነው።

በ1969 ሁሉም አንድ ነገር ያሯሩጠው ነበር። በእጅ የማይጠመዘዝ፣ ክንድ ሲንቀሳቀስ ራሱ የሚሞላ ክሮኖግራፍ ማን ቀድሞ ያወጣል? በጥር ዜኒት የሚባለው የስዊዝ ቤት ኤል ፕሪሜሮን አሳየ፤ በስፓኒሽ «የመጀመሪያው» ማለት ነው። በመጋቢት ሆየር (የዛሬው ታግ ሆየር) እና ብራይትሊንግ ተከተሉ። እነዚህ ሁለቱ ገበያ ላይ ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ ወጪው ለአንድ ቤት ስለከበደ ግን ሃሚልተን-ቡረንንና ዱቡዋ ዴፕራን ጨምረው በአንድነት ሠሩት። ጃፓናዊው ሴይኮም በዚያው ዓመት የራሱን አወጣ። እስከ ዛሬ «ማን ቀደመ?» የሚለው ክርክር አላለቀም። ደስ የሚለው፣ ያኔ ሲሽቀዳደሙ የነበሩት ዜኒትና ሆየር ዛሬ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ሁለቱንም በ1999 የገዛቸው የፈረንሳዩ ኤልቪኤምኤች ነው።

ከዚያ ባትሪ ሰዓት መጣ። በ1970 አካባቢ የስዊዝ ሰዓት ሥራ ወደ 90 ሺህ ሰው ይቀጥር ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ወረደ። የዜኒት ባለቤት ያኔ አሜሪካዊ የሬድዮ ኩባንያ ነበር። በ1975 ትእዛዝ ወረደ፤ ከእንግዲህ ባትሪ ብቻ፣ የድሮውን ማሽን መሥሪያ ዕቃ አስወግዱ። ሻርል ቬርሞ የሚባል የፋብሪካው ባለሙያ ይህ አልዋጥልህ አለው። ዕቃውን በድብቅ ወደ ጣሪያው ሰገነት አወጣ። እያንዳንዱ ለምን እንደሚያገለግል በደብተር ጻፈ። ከግድግዳ ጀርባ ደበቀው፣ ለአለቆቹም ትንፍሽ አላለም።

ዓመታት አለፉ። ሮሌክስ ዴይቶና የሚባለውን ክሮኖግራፉን ራሱ የሚሞላ ማድረግ ፈለገ። የሚሆን ማሽን ሲፈለግ ኤል ፕሪሜሮ ተገኘ፤ የቬርሞ ዕቃ ከሰገነት ወርዶ ሥራ ጀምሮ ነበርና። ከ1988 እስከ 2000 የወጣው ዴይቶና ውስጡ የዜኒት ነው። ሮሌክስ ግን ብዙ ነገሩን ቀየረ፤ ቀን ማሳያውንም አስቀረ። ኤል ፕሪሜሮ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታል። ሮሌክስ ወደ 8 ዝቅ አደረገው። የሚመታው ባነሰ ቁጥር መበላቱም ይቀንሳል፣ ቅባቱም ይቆያል።

ምርጫችሁ እንግዲህ ሦስት ነው። የዚያን ዘመን ዴይቶና ከፈለጋችሁ ሰብሳቢዎች ስለሚያሳድዱት ዋጋው ሰማይ ነው። አዲሱን ዴይቶና ከፈለጋችሁ፣ ከ2000 ወዲህ ማሽኑ የሮሌክስ የራሱ ነው። ግሩም ማሽን ነው። ሱቅ ገብታችሁ «አንድ ስጡኝ» ብትሉ ግን ስማችሁን መዝግበው ይሸኟችኋል። ሦስተኛው ራሱ ዜኒት ነው። ክሮኖማስተር ስፖርት የሚባለው የመሐል ቆጣሪው በ10 ሰከንድ አንድ ዙር ይዞራል፤ የሰከንድ አንድ አሥረኛን በዓይን ታያላችሁ። ቁልፉን ስትጫኑ ቆጣሪው የሚሸሽበት ፍጥነት ያስደነግጣል። ብዙ ጊዜም ወረፋ የለውም።

የገዛችሁትን መልሳችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ሮሌክስ። ልታደርጉት ከሆነ ዜኒት።

ሦስቱ ታላላቆች የጠጡበት አንድ ምንጭ

ኦዴማር ፒጌ፣ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ቫሼሮን ኮንስታንቲን። ስማቸው ሲጠራ ድምፅ ዝቅ የሚደረግላቸው ሦስት ቤቶች ናቸው። ሦስቱም በ1970ዎቹ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ውድ ስፖርታዊ ሰዓት አወጡ። የኦዴማር ፒጌ ሮያል ኦክ በ1972፣ የፓቴክ ኖቲለስ በ1976፣ የቫሼሮን 222 በ1977። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የነደፈው ዤራልድ ዤንታ ነው። ሦስተኛውንም ለእሱ የሚሰጡ አሉ፤ እሱ ግን የዮርግ ሂሴክ ሥራ ነው።

ውስጣቸውን ስትከፍቱ የምታገኙት አንድ ማሽን ነው። የሠራው ዤጀር-ለኩልትር ነው፤ ከኦዴማር ፒጌ መንደር ለ ብራሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዚያው በቫሌ ደ ዡ ሸለቆ የሚገኝ ቤት። ከቀን ማሳያው ጋር ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ከትንሽ ነው። እያንዳንዱ ቤት ወስዶ በራሱ እጅ አሳመረው፣ የራሱን ቁጥር ሰጠው። የሚገርመው ዤጀር-ለኩልትር ይህን ማሽን በራሱ ስም በወጣ ሰዓት ውስጥ አላስገባውም። ጠላ ጠምቆ ለጎረቤት ሰጥቶ እሱ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው።

የዛሬው ገበያ ሌላ ነው። ኖቲለስ የፓቴክን የራሱን ማሽን ይዟል። ቀጭኑ ሮያል ኦክ ያን የድሮ ማሽን ይዞ 50 ዓመት ኖረና በ2022 ወደ ራሱ አዲስ ማሽን ተሻገረ። 222ም እንደገና ሲወጣ የቫሼሮንን የራሱን ይዞ ነው። እንግዲህ አሮጌ ስትገዙ የምታወዳድሩት ቅርጽንና እጅን ነው፤ አዲስ ስትገዙ ማሽንንም ጭምር።

ይህን ሁሉ ገንዘብ ላለው ምክሬ አጭር ነው። ዤጀር-ለኩልትርንም አንዴ ሞክሩ። የሌሎቹን ልብ የሠራ ቤት ነው፣ ዋጋው ግን ከእነሱ በብዙ ያንሳል።

ፓቴክ ከተነሣ አይቀር፣ በ1954 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የተበረከተ የወርቅ ፓቴክ ነበር። በ2017 ጄኔቫ ላይ ወደ 3 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጧል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ የካቲት 28 ይሁን 29 ራሱ የሚያውቅ ዘላለማዊ ካሌንደር ያለው ነው። ጳጉሜን ግን አያውቃትም።

ኦሜጋ የከፈተው በር፣ ቱዶር የገባበት

ይህ ክፍል ለዕለት ኑሮ ከሁሉም ይጠቅማል። የሜካኒካል ሰዓት ዋና ጠላቱ ውሃ አይደለም፣ ማግኔት ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ መዝጊያ፣ የታብሌት ሽፋን፣ ሁሉም ማግኔት አለባቸው። ሰዓታችሁ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ከመክፈታችሁ በፊት ማግኔት ነክቶት እንደሆነ አስመርምሩ። በአንዲት ትንሽ መሣሪያ በሰከንዶች ውስጥ ይለቀቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሱቅ «ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይታደስ» ብሎኝ ከፍያለሁ። ሰዓቱ ሲመለስ ለብ ያለ ዘይት ሽታ ነበረው፣ ያ ብቻ ነው የተጨመረለት።

ኦሜጋ በ2015 ከስዊዝ የመለኪያ ተቋም ከሜታስ ጋር ሆኖ ጠንካራ ፈተና አወጣ። ሰዓቱ በ15 ሺህ ጋውስ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) ማግኔት ውስጥ መሄድ አለበት። በቀን ከ0 እስከ 5 ሰከንድ ቢቀድም ነው፤ ወደ ኋላ መቅረት አይፈቀድለትም። ኮስክ የሚባለው የቆየው ፈተና በቀን 4 ሰከንድ መዘግየት ወይም 6 መቅደም ይፈቅዳል። እሱም የሚፈትነው ማሽኑን ለብቻው ነው፤ ሜታስ ተገጣጥሞ ያለቀውን ሰዓት ይፈትናል።

ፈተናው ለማንም ክፍት ነበር፤ ለዓመታት ግን ከኦሜጋ በቀር የገባ አልነበረም። በ2021 ሳይጠበቅ ቱዶር ገባ። የሮሌክስ ወንድም የኦሜጋን ፈተና ወሰደ! ሮሌክስ ራሱ የራሱ ሚዛን አለው፤ በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ ማለፍም መዘግየትም የለም ይላል።

ሁለቱንም ፈተና ያለፈ ሰዓት በርካሽ ከፈለጋችሁ የሜታስ ምልክት ያለውን ቱዶር እዩ። ማሽን ስታዩ የምትደሰቱ ከሆነ ኦሜጋ ይሻላችኋል። ብዙዎቹ ጀርባቸው መስታወት ነው፤ ያጌጠ ነገር ይታያል።

ስለ ኦሜጋ አንድ ነገር ልጨምር። ጠፈርተኛው ባዝ ኦልድሪን በ1969 ጨረቃ ላይ ያሰረው የኦሜጋ ስፒድማስተር ውስጡ ለማኒያ ከሚባል የማሽን ፋብሪካ የመጣ ማሽን ነበረው። ከዚሁ ዘር የሆነ ማሽን ፓቴክ በውድ ሰዓቶቹ ውስጥ እስከ 2010 አካባቢ ድረስ ተጠቅሞበታል። ኪሳችሁ ፓቴክ የማይፈቅድ ከሆነ በዚህ ተጽናኑ።

ኪሱን ለሚቆጥር ሰው

እስካሁን ያወራሁት በብዙ ሺህ ዶላር ስለሚሸጡት ነው። ከ2 ሺህ በታች ግን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የጋራ መሆኑን ማንም አይደብቅም።

ኢታ የሚባል የማሽን ፋብሪካ አለ፤ ኦሜጋን፣ ሎንጂንን፣ ቲሶን የያዘው የስዋች ግሩፕ ንብረት ነው። ለአሥርት ዓመታት ለተፎካካሪዎቹ ሁሉ ማሽን ሲሸጥ ኖረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የስዋቹ ኒኮላስ ሃየክ «ከእንግዲህ ለሌላ አልሸጥም» አለ። ክሱና ክርክሩ በስዊዝ የውድድር ኮሚሽን ፊት ዓመታት ፈጀ። በዚህ መሐል ሌሎቹ ማምለጫ ፈለጉ። ቀድሞ ለኢታ ማሽን ይገጣጥም የነበረው ሴሊታ 2824 የተባለውን የኢታን ዝነኛ ማሽን የመሰለ የራሱን አወጣ፤ የባለቤትነት መብቱ ጊዜው አልፎ ነበርና ሕጋዊ ነው። ቱዶርም «ኬኒሲ» የሚባል የማሽን ፋብሪካ አቋቋመ። ሻኔል ድርሻ ገዛ፤ ታግ ሆየርና ኖርቄን ከዚያ ይገዛሉ። የሃየክ እምቢታ ተፎካካሪዎቹን አጋር አደረጋቸው።

ለእናንተ ምን ማለት ነው? ኢታ 2824 ወይም የሴሊታው አቻ ያለበትን ሰዓት ደህና ሰዓት ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፣ ዕቃውም ይገኛል። «የራሳችን ቤት ማሽን» የሚባለው ያማረ ወሬ ነው፣ ሲበላሽ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፋብሪካው መላክ አለበት። ወራት ይፈጃል፣ ሒሳቡም ልብ ያቆማል። ፋብሪካው የታወቀለት ሰርቪስ በሌለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ተራውን ማሽን ምረጡ። በዚህ አልደራደርም።

ቲሶ፣ ሃሚልተን፣ ሰርቲና፣ ሚዶ ላይ 80 ሰዓት የሚሄድ ማሽን ታያላችሁ። ስሙ ከቤት ቤት ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ የኢታ ማሽን ነው። እዚህ ላይ በዓይናችሁ ምረጡ። ያማራችሁን ፊት፣ እጃችሁ ላይ የሚስማማውን መጠን ውሰዱ፣ ከዚያ ርካሹን።

ሙንስዋችስ? በመጋቢት 2022 ኦሜጋና ስዋች አብረው ያወጡት፣ በ11 ቀለም የመጣው፣ ሰው ሱቅ በር ላይ ያደረለት ሰዓት ነው። ሁለቱ ቤቶች የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ትብብሩ የወንድማማች ነው። ውስጡ ባትሪ ነው፤ ስፒድማስተርን በመልክ እንጂ በማሽን አይመስለውም። ሲወጣ ዋጋው 260 ዶላር ነበር፤ ለልጅ ስጦታ ያምራል። ከነጋዴ በሁለት እጥፍ አትግዙት።

የጓደኛዬን ነገር ልጨርስ። በማግስቱ ሱቅ ሄዶ ሁለቱንም እጁ ላይ አደረገ። ቱዶሩን አሥር ደቂቃ ይዞት ቆየ፣ ቁልፉን ፈታ፣ አጠበቀ፣ ፈታ። ከዚያ ብራይትሊንጉን ገዛ። «ብሎን ስፈታ ልኑር እንዴ?» አለኝ።